ሁለት ድንጋይ

እንግዲህ ቀረብ በሉ። ቡና የያዘ ይዞ ይምጣ፤ ወንበር ያጣም ደፉ ላይ ይቀመጥ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ ኳስ ነው። የማንቸስተርንና የአርሰናልን እንዳይመስላችሁ፤ የእነሱንማ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ቅዳሜ ማታ ዲኤስቲቪ ቤት ወንበር የምትሻሙት እናንተ ናችሁ። የእኔዋ ኳስ በሶማሊላንዷ ሐርጌሳ ከተማ፣ አሕመድ ዳጋህ በሚባለው ክፍለ ከተማ፣ የዐስር ሰላት ካበቃ በኋላ የምትወጣ ኳስ ናት። ቆዳዋ ተልጧል። በአንድ ጎኗ አብጣለች፤ ስትንከባለል እንደ ሰካራም ወደ ግራ ታዘነብላለች። ልጆቹ አመሏን ስለሚያውቁት ሲያቀብሏት ዘንበል ማለቷን አስልተው ነው።

ሐርጌሳ ሰፈሮቿን ስትሰይም ታሪክ የምትጽፍ ይመስላል። ጁን 26 የሚባል ክፍለ ከተማ አላት፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ሶማሊላንድ ከእንግሊዝ ነጻ የወጣችበት ቀን ነው። ሜይ 31 የሚባልም አላት፤ በ1988 የሶማሊ ብሔራዊ ንቅናቄ ታጣቂዎች ከተማዋ የገቡበት ቀን። ገዓን ሊባህ አለ፤ የአንበሳ እጅ እንደማለት ነው። አሕመድ ዳጋህም ከእነዚሁ አንዱ ነው። «ዳጋህ» በሶማልኛ ድንጋይ ነው። እኔም ድንበር ላይ ያለችውን ቶጎ ውጫሌን ተሻግሬ፣ ያንን አቧራማ መንገድ አልፌ፣ እዚያ ሰፈር የደረስኩ ቀን መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው ድንጋይ ላይ ነበር። ሁለት ወዲህ፣ ሁለት ወዲያ። ጎሉ ያ ነው።

የድንጋይ ጎል አግዳሚ የለውም። ስለዚህ ኳሷ ከበረኛው ራስ ከፍ ብላ ባለፈች ቁጥር «ገባች» «ወጣች» የሚል ሙግት ይነሣል፤ ሙግቱ ከጨዋታው ይረዝማል። ሶማልኛ አላውቅም። ጭቅጭቁ ግን ያለ አስተርጓሚ ገባኝ፤ እኔም ልጅ ሆኜ በዚያው ጉዳይ ስንት ቀን ተኳርፌያለሁ! ብቻ በመሃል አንዱ ቀጫጫ ልጅ ተጠልፎ ወደቀና ሁሉም ባንድ አፍ «ሪጎሬ! ሪጎሬ!» ብለው ጮኹ። ቆሜ ቀረሁ። ይህ የእኛ ሰፈር ቃል አይደለም እንዴ? እኛስ ጣልያን አምስት ዓመት ተቀምጦብን ሪጎሬን፣ ቴስታን፣ ካልቾን፣ ታኬታን ጥሎልን ሄደ። ሐርጌሳን የገዛው ግን እንግሊዝ ነው፤ ጣልያን እዚያ የቆየው በጦርነቱ ጊዜ ለጥቂት ወራት ነበር፤ ዋናው ቤቱ ደቡብ፣ ሞቃዲሾ በኩል ነው። ቃሉ ግን የቅኝ ገዢ ድንበር አላወቀም። ሶማሌውም ሪጎሬን ሪጎሬ ይላታል፤ ማልያንም «ማሊየድ»።

ለብቻዬ ስስቅ ያዩኝ ሽማግሌ ነበሩ። ጄሪካን ላይ ተቀምጠዋል፤ ጺማቸው በሂና ቀልቷል፤ አንገታቸው ላይ ፊሽካ ተንጠልጥሏል።

«ሐበሻ ነህ?» አሉኝ፣ ጥርት ባለ አማርኛ።

«ነኝ፣ አዴር» አልኳቸው። አዴር የአባት ወንድም ነው፤ ታላቅን እንዲህ ብሎ መጥራት ያስመርቃል። «አማርኛውን የት ለመዱት?»

«ሀርትሼክ» አሉ። «ከዚያም ጅጅጋ። የስደት ትምህርት ቤት ነው፤ ክፍያው ውድ ነው፣ ትምህርቱ ግን አይጠፋም።»

ሀርትሼክን ለማታውቁ ትንሽ ልመለስ። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1988 የእኛው ኮሎኔል መንግሥቱና የሞቃዲሾው ሲያድ ባሬ ታረቁ። አንዱ የሌላውን አማፂ ላይደግፍ ተስማሙ። መቀመጫቸው ኢትዮጵያ የነበረው የሶማሊ ብሔራዊ ንቅናቄ ታጣቂዎች መቆሚያ ሊያጡ መሆኑን ባወቁ ጊዜ በሚቀጥለው ወር ድንበር ተሻግረው ቡርኦና ሐርጌሳ ገቡ። የሲያድ መልስ የቦምብ ናዳ ሆነ። አውሮፕላኖቹ የሚነሡት ከራሷ ከሐርጌሳ አየር ማረፊያ ነበር፤ ተነሥተው፣ ከተማዋን ደብድበው፣ እዚያው ይመለሳሉ። ከእነዚያ ሚግ አውሮፕላኖች አንዱ ዛሬ መሃል ከተማ እንደ ሐውልት ቆሟል። ሕዝቡ በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ነጎደ፤ ጅጅጋ አጠገብ ሀርትሼክ ላይ ሰፈረ። በአንድ ወቅት እዚያ ሜዳ ላይ ከ250 ሺሕ የሚበልጥ ሰው ነበር። ካምፑ የተዘጋው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው።

«ውሃ በቦቴ ነበር የሚመጣው» አሉ ሽማግሌው። «ሰልፉ ቀኑን ሙሉ ነው። ልጆቹ ይደባደባሉ። አንድ ቀን የዱቄት ማዳበሪያ ቀደድኩና በጨርቅ ጠቅጥቄ ኳስ ሰፋሁላቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ድብድብ ቀረ ብዬ አልዋሽህም። ቀነሰ።»

በዚህ የተጀመረ ነገር ነው እስከ ዛሬ የቀጠለው። እኚህ ሰው የአሠልጣኝነት ወረቀት የላቸውም። ያላቸው ፊሽካ፣ አንዲት ኳስና አንድ ደብተር ነው። ማልያ ስለሌለ አንዱ ቡድን ሸሚዙን ገልብጦ ይለብሳል፣ ስፌቱ እንዲታይ፤ እኔ በዕድሜዬ ካየኋቸው ማልያዎች ሁሉ ርካሹና ብልሃተኛው ይኸው ነው። ኳሷ ስትቀደድ ጫማ ሰፊው በነጻ ይሰፋታል። አዲስ መግዛት ሲመጣ ደግሞ መዋጮ ነው፤ ሐርጌሳ ላይ መዋጮ ማለት ስልክ ማውጣት ነው። የአገሩ ብር ለአንዲት ኳስ መግዣ እንኳ በፌስታል የሚጫን ስለሆነ፣ ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሰዉ ዛድ በሚባለው የስልክ ገንዘብ ይገበያያል። ባለ ሻይ ቤቱ ይልካል፣ ባለ ሱቁ ይልካል፣ ለንደን ያለው የአክስት ልጅ ይልካል።

ደብተሩን አየሁት። የጎል መዝገብ መስሎኝ ነበር። አይደለም፤ የመጡ ልጆች ስም ዝርዝር ነው፤ በየቀኑ፣ በየስሙ ትይዩ ጭረት።

«ጎል ያገባውን ሁሉም ያስታውሰዋል» አሉኝ። «የቀረውን ነው ማንም የማያስታውሰው። ሁለት ቀን የቀረ ልጅ ካለ ቤቱ እሄዳለሁ።»

«ለምን ሁለት ቀን?»

ዝም አሉ። ከዚያ ደብተሩን ወደ ኋላ ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አንድ ስም በጣታቸው ነኩ። ጭረቱ እስከ ወሩ አጋማሽ ሄዶ ቆሟል። «ይሄ ሦስት ቀን ቀረ። በአራተኛው ሄድኩ። ውጫሌን ተሻግሮ ነበር።»

ተህሪብ ይሉታል እነሱ። እኛ ስደት እንላለን፤ መንገዱ አንድ ነው። በእኛው አገር አልፎ ሱዳን፣ ከሱዳን ሰሃራ፣ ከሰሃራ ሊቢያ፣ ከዚያ ባሕር። የወሎንና የአርሲን ልጆች የምታውቁ፣ ይህን ማብራራት አያስፈልገኝም። እንግዲህ የሰፈር ኳስን «ተሰጥኦ ማፍሪያ» እያላችሁ በየስብሰባው የምታወሩ ሁሉ፣ እኚህ ሰው ዘንድ ኳስ ሌላ ሥራ አለው፤ በየማታው ልጆቹን ለመቁጠር የሚያመች ሰበብ ነው።

ሴቶቹስ አልኳቸው። «አሉ፤ ከግንብ ጀርባ ይጫወታሉ» አሉ። እኛ ዘንድ መሠረት ማኒ የምትባል ሴት ድሬዳዋ ከነማን፣ የወንዶቹን ቡድን፣ በፕሪሚየር ሊግ እንዳሠለጠነች አጫወትኳቸው። አሰብ አደረጉና «ድሬዳዋ ሌላ ነው» አሉ። ክርክሩን እዚያው ተውኩት፤ ፊሽካ ከያዘ ሰው ጋር አይሟገቱም።

አሁን ደግሞ የገንዘቡን ነገር ላውራችሁ፤ አሰልቺ ነው፣ ግን አጭር ነው። የዓለም እግር ኳስ ማኅበር ፊፋ 211 አባል ፌዴሬሽኖች አሉት። ከ2023 እስከ 2026 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ለእያንዳንዱ አባል እስከ 8 ሚሊዮን ዶላር የልማት ገንዘብ መድቧል። ሜዳ ለማንጠፍ፣ አሠልጣኝና ዳኛ ለማስተማር፣ ታዳጊ ለማወዳደር የሚውል። ደቡብ ሱዳን በ2011 ነጻ ወጥታ በዓመቱ ፊፋ ገባች። ሶማሊላንድ በ1991 ለብቻዬ ነኝ ብላ ካወጀች ይኸው ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆናት፤ አባል አይደለችም፤ ዓለም አገር ብሎ አልተቀበላትምና ፊፋም አላስገባትም። ስለዚህ ከዚያ ገንዘብ ለአሕመድ ዳጋህ አንዲት ፊሽካ አትደርስም። የክልሎቻቸው ቡድኖች ሐርጌሳ ስታዲየም እየተገናኙ እርስ በርስ ይጋጠማሉ፤ ከዚያ በላይ ሲሆን በሩ ዝግ ነው።

ሌላ በር ሞክረው ነበር። ፊፋ ያልተቀበላቸው የሚሰባሰቡበት ኮኒፋ የሚባል ማኅበር አለ። በ2016 እ.ኤ.አ. አብካዚያ ላይ አሥራ ሁለት ቡድኖች ለዋንጫው ሲገናኙ ሶማሊላንድም አንዷ ነበረች። ዋንጫውን ባለቤቶቹ አብካዚያዎች ወሰዱት። ለ2020 የታሰበውን ሶማሊላንድ እንድታዘጋጅ ተመርጣ ነበር፤ በኋላ ወደ ስኮፕዬ ዞረ፤ ከዚያ ኮሮና መጣና ስኮፕዬም ሳይሆንላት ቀረ። ሽማግሌው ይህን ሲያወሩ አላዘኑም። «እኔ ኳስ ነው የጠየቅኩት፤ እነሱ ዋንጫ ያወራሉ» አሉ።

ፍርድ ስጥ ብትሉኝ ከእሳቸው ጋር ነኝ። ፊፋ ራሱ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ላሉ ልጆች የሚመክረው ምንድን ነው? ትንሽ ሜዳ፣ ጥቂት ተጫዋች፤ አራት ለአራት፣ አምስት ለአምስት፤ እያንዳንዱ ልጅ ኳሷን ደጋግሞ እንዲነካ። ሰፈር ይህን የደረሰበት በጥናት ሳይሆን በቦታ እጦት ነው። ሰፈር የጎደለው አንድ ትልቅ ሰው ነው፤ በየማታው የሚመጣ፣ የማይሰለች፣ የልጁን ስም የሚያውቅ።

ለዚህ ምስክር ሩቅ አልሄድም፤ ከሐርጌሳ ወደ ምዕራብ ገቢሌይ አለች። ሑሴን አብዲ ካሂን የሚባል ልጅ በዚያ በኩል ተወለደ። አባቱ ልጁ አራት ዓመት ሳለ በጦርነቱ ተገደለ። ልጁ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሲሆነው በሌላ ልጅ ስም በጅቡቲ በኩል እንግሊዝ ገባ፤ ሰው ቤት ሕፃን ያጥባል፣ ቤት ይጠርጋል። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው ነው ለንደን ውስጥ ፌልተም የሚባል ትምህርት ቤት የላኩት። እንግሊዝኛ የለውም፤ ያለው የኳስ ፍቅር ነው፣ የአርሰናል ተጫዋች መሆን ነው የሚያልመው። አለን ዋትኪንሰን የሚባል የስፖርት መምህር ልጁ ሲሮጥ አየውና ደነገጠ። ልጁ ግን ሩጫ አልፈልግም፣ ኳስ ነው የምፈልገው አለ። መምህሩም ተደራደረ፤ መጀመሪያ ኳስህን ትጫወታለህ፣ ከዚያ ትሮጥልኛለህ። ልጁ ምስጢሩን የገለጠው ለዚሁ ሰው ነው፤ ከዚያ ቤት እንዲወጣ፣ በኋላም ዜግነት እንዲያገኝ የደከመለትም እሱ ነው። ያ ልጅ ሞ ፋራህ ነው። ለንደን 2012 ላይ የእኛን ደጀን ገብረመስቀልን በ5 ሺሕ ሜትር ለጥቂት ቀድሞ ስንቶቻችንን ቴሌቪዥን ያስዘጋን እሱ ነው። እውነተኛ ስሙን በ2022 ለዓለም ሲናገር፣ እኔ በበኩሌ የዚያን ማታውን ቂሜን ትቼለታለሁ። ሽማግሌውን ስለዚህ ሰው ስጠይቃቸው ስለ ወርቆቹ ምንም አላሉም። «መምህሩ ደብተር ይይዝ ነበር?» ብለው ጠየቁኝ።

እኛም ቤት እንዲህ ያለ ታሪክ አለ። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም.፣ ጣልያን ድንበር ጥሶ በሰሜን እየገፋ ሳለ፣ አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የሚባሉ ሁለት ወጣቶች አራዳ ጊዮርጊስ ሰፈር ላይ የኳስ ቡድን መሠረቱ። አስቡት እስቲ፤ አዲስ አበባ ልትያዝ አምስት ወር ገደማ ቀርቷታል፣ የአራዳ ልጅ ግን ኳስ ይዟል። ይኸው ቡድን ነው ቅዱስ ጊዮርጊስ የሆነው። ጣልያን አዲስ አበባ ሲገባ ስሙን ነጥቆ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» አለው፤ የአገሬው ልጅም ከነጭ ጋር እንዳይጫወት ተከለከለ። በዚያ ሰፈር ሜዳ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ሆኖት የገባ አንድ የጅማ ተወላጅ ነበር፤ ይድነቃቸው ተሰማ። ሃያ ሦስት ዓመት ለዚያው ክለብ ተጫወተ። በ1957 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ካርቱም ላይ ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ሆነ፤ ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር የተቀላቀለበት ቡድን አላመጣም ብላ ከመጀመሪያው ዋንጫ የወጣችው ያኔ ነው። በገዛ ሰፈሩ በቆዳው የተከለከለ ልጅ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ምን እንደተሰማው እኔ አልነግራችሁም፤ ገምቱት። በጥር 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተባበረች ዓረብ ሪፐብሊክን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ስንወስድ አሠልጣኙ እሱ ነበር። ኮንፌዴሬሽኑን ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ1987 እስኪሞት በፕሬዚዳንትነት መራ።

ይህን ሁሉ ለሽማግሌው አወራሁላቸው። በጥሞና ሰሙኝ። ሲያበቃ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ያ አራዳ ያለው ሜዳ፣ ልጆቹ የጀመሩበት፣ አሁን አለ?»

አፌ ተሳሰረ። አራዳን ትቼ የራሴን ሰፈር አሰብኩ። እኛ የተጫወትንበት ሜዳ ዛሬ ባለ አራት ፎቅ ነው። የእኛ በረኛ የሚቆምበት ቦታ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል፤ ባለፈው ሳልፍ አንዲት ቪትዝ ቆማበት ነበር። ሰፈሩ ውስጥ ሌላ ሜዳ ተሠርቷል፣ አልዋሽም፣ ሰው ሠራሽ ሣር የለበሰ፣ መብራትም ያለው። በሰዓት ይከራያል። በቀን ሥራ የሚያድሩ ሰዎች ልጆች ሽቦውን ይዘው ውጭ ቆመው ያያሉ።

«ሽማግሌ ሆንኩና ዓይኔ ደከመ» አሉ ሰውዬው። «እስቲ ከወዲያኛው ጎል ባሻገር ምን ይታይሃል?»

አሻግሬ አየሁ። ድንጋይ ነው። ግን ሁለት ብቻ አይደለም፤ በተርታ የተደረደረ፣ በሲባጎ የተለካ፣ ከሜዳው ጥግ እስከ ጥግ።

«አጥር ነው?»

«የአጥር መሠረት ነው። የገዛው ውጭ አገር የሚኖር ልጅ ነው። ክፉ አይደለም፤ አውቀዋለሁ፤ እዚችው ሜዳ ላይ ነው ያደገው፣ ግራ እግሩ ለጉድ ነበር። ስልክ ደወልኩለት። ልጄ፣ ይሄ እኮ ሜዳ ነው አልኩት። ‹አዴር፣ ካርታ አለው?› አለኝ።»

«እርስዎስ ምን አሉት?»

«ደብተር አለኝ አልኩት።»

መግሪብ ተጠራ። ፊሽካውን ነፉ። ልጆቹ ኳሷን አምጥተው እግራቸው ሥር አስቀመጡና ስም ተጠራ፤ ሃያ ሰባት ነበሩ፣ ሃያ ሰባቱም «ሀ» አሉ፤ አዎ ማለታቸው ነው። ሁለት ትንንሽ ልጆች የጎሉን ድንጋዮች አንሥተው ወደ ሽማግሌው ቤት ይዘው ሄዱ። ድንጋይ ምን ይደረጋል ብዬ ጠየቅኩ። ሜዳ ላይ ካደረ ግንበኞቹ ለመሠረቱ ይወስዱታል አሉኝ።

እንግዲህ እኔ ተራኪ ነኝ፣ ምክር የእኔ ሥራ አይደለም። አንድ አደራ ግን አለኝ። በሰፈራችሁ ልጆች የሚራወጡበት ባዶ ቦታ ካለ፣ ማልያ ከመግዛታችሁ በፊት፣ ዋንጫ ከማሠራታችሁ፣ ለክረምቱ ውድድር መዋጮ ከመሰብሰባችሁ በፊት፣ ሰኞ ጠዋት ወረዳ ሂዱና ያ ቦታ በማን ስም እንደተመዘገበ ጠይቁ። በቃል ቢመልሱላችሁ አትመለሱ፤ በጽሑፍ ይስጧችሁ።